ወንዙ እስኪጎድል የረዘመው ዘፈን

አንድ ማሲንቆ መቺ ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ስምረት። አንቺ መድረክ ላይ ስትወጪ ዘፈኑን በጊታርሽ እንደመጣልሽ እያስረዘምሽ መጫወት ትፈልጊያለሽ። ከበሮ መቺያችሁ ደግሞ ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚመጣው የሚያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ነው፣ ስቱዲዮ እንደተቀዳው ተጫውተን እንውረድ ይላል። የሮክ ባንዳችሁ በዚህ ነገር ሊበተን ደርሷል። ማን ልክ እንደሆነ ከመናገሬ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ማሲንቆ መቺው አንድ ወንዝ ዳር ይኖር ነበር። ሌላው አዝማሪ እንግዳ ባየ ቁጥር አዲስ ስንኝ ሲፈትል፣ እሱ ከአባቱ የተቀበለውን ዜማ ምንም ሳይጨምር፣ ምንም ሳይቀንስ ይመታ ነበር። አባቱ ሊሞት ሲል እጁን ይዞ፣ «ዘፈን የአደራ ዕቃ ነው፤ እንደተቀበልከው መልስ» ብሎታል። እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደተቀበለው ሲመልስ ኖረ። ሰው ያከብረዋል፤ ግን ሲመታ ቆሞ የሚሰማው እምብዛም አልነበረም። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋላ።

በዚያ አገር ሙሽራ ስትዳር ዘመዶቿ ወንዙ ድረስ ይሸኟታል። ማሲንቆ መቺው እዚያ የመሸኛውን ዘፈን ይጀምራል። ዘፈኑ ሰባት ስንኝ ነው፤ በሰባተኛው ላይ ሙሽራዋ ዞራ ሳታይ ወደ ውሃው ትገባለች። አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። ዘፈኑ አልቆ ሙሽራዋ ከወንዙ ወዲህ ቆማ ከተገኘች ደግሞ ገዱ ተሰብሯል ይባላል። ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ጋብቻው ይፈርሳል።

ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ባሉት ሁለት መንደሮች መካከል ደም ነበረ። በግጦሽ መሬት ተጣልተው ከዚህም ከዚያም ሰው ሞቷል። ዐሥራ አንድ ዓመት አንዱ የሌላውን ለቅሶ አልደረሰም። ሽማግሌዎች ብዙ ደክመው አስታረቋቸውና ዕርቁ እንዲጸና ከወዲህ መንደር አንዲት ልጅ ለወዲያው መንደር ልጅ ታጨች። ልጅቱ ተጠይቃ አንድ ቀን አስባ «እሺ» ያለች ልባም ነበረች።

የሠርጉ ዕለት፣ በግንቦት ወር፣ ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ወንዙ ዳር ደረሱ። ውሃው ከጉልበት በታች ነው፤ ድንጋዮቹ ተራ በተራ ይታያሉ። ከወዲያ ማዶ ሙሽራውና ዘመዶቹ ነጭ ለብሰው በዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ፤ ሊወስዷት የተሻገሩት ሚዜዎቹና ጥቂት ሴቶች ግን ከወዲህ ከሸኚዎቹ ጋር ናቸው። ማሲንቆ መቺው ጭራውን ቃኝቶ ደጋኑን አሳረፈ።

«ውሃው ያሻግርሽ፣ ድንጋዩ ይደግፍሽ፣
ዞረሽ እንዳታዪን፣ እንባ እንዳይመልስሽ።»

ሴቶቹ «እልፍ በይ እቴ፣ እልፍ በይ» እያሉ ተቀበሉት። ሁለተኛው ስንኝ አለፈ፤ ሦስተኛውም አለፈ። አራተኛው ላይ ከላይ፣ ከደጋው በኩል አንድ ነገር አጉረመረመ። በነሱ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ቀና ብሎ ያየ የለም። ወዲያው ወንዙ ቀላ። ደራሽ ውሃ ግንድ እያንከባለለ መጣና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው።

በቅሎዎቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ከሙሽራዋ ወገን አንዱ፣ «ድሮም የደም ነገር በድግስ አይጠብም» ሲል ተሰማ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ምን አልክ?» ብሎ ወደ ሰውየው ራመደ። በዚያም በዚህም ዱላ ከትከሻ ወረደ። ተደባልቆ የቆመው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ተከፈለ፤ ሙሽራዋ መሃል ላይ ብቻዋን ቀረች።

አንድ ሽማግሌ ወደ ማሲንቆ መቺው ተጠግቶ በጆሮው፣ «እንዳታቆም» አለው። «ከጨረስክ የሚፈርሰው ጋብቻው ብቻ አይደለም።»

የቀረው ሦስት ስንኝ ነው። በሦስት ስንኝ ደግሞ የበቅሎ ጭነት እንኳ አይፈታም። ማሲንቆ መቺው የአባቱ እጅ እጁን የያዘው መሰለው። ጣቶቹ ወደ አምስተኛው ስንኝ ሊሄዱ ሲሉ ያዛቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን አላወቀም። ፈራ።

አራተኛውን ዜማ እንደገና ያዘ፤ ግን አዘገየው። ወንዙ እንደሚጎትተው ቅርንጫፍ ጥቂት ሳበው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ሳበው። ዓይኑ መያዣ ሲፈልግ የሙሽራዋን ጫማ ታቅፎ ቆሞ የሚርገፈገፈውን አጎቷን አገኘ።

«ጫማ የያዘው አጎት፣ ምን ያንቀጠቅጠዋል፣
እሱ ሳይሻገር ልቡ ተሻግሯል።»

አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ አጎትየው ራሱ ሳቀ። ማሲንቆ መቺው ወደ ሚዜዎቹ ዞረና አንዱን በረጅም ቁመቱ፣ አንዱን በአዲስ ነጠላው አነሣው። ሚዜዎቹ «እልፍ በይ»ን ተቀበሉ፤ እስከዚያ ድረስ የተቀበሉት የሙሽራዋ ወገኖች ብቻ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበት።

ስንኝ ሲያልቅበት ቃሉን ተወና ማሲንቆውን ብቻ መታ። ያኔ ነው ነገሩ እንደ ሕልም የሆነው። ዜማው ከእጁ የሚወጣ አልመስል አለው። ከውሃው ላይ እንደሚነሣ ጭጋግ ሆኖ በሰዎቹ መካከል ይዞር ጀመር። የወንዙ ጩኸት ራሱ አንድ ድምፅ ሆኖ ከታች ያጅበዋል። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ በቅሎዎቹም ጆሯቸውን አቅንተው ቆመዋል። በዐሥራ አንዱ ዓመት የሞቱትን ያሰቡ እናቶች ነበሩ፤ አለቀሱ፤ ከማን ወገን እንደሆነች ሳትጠይቅ አንዷ የሌላዋን ትከሻ ያዘች። ፀሐይ መቼ እንደወረደች ያየ የለም፤ ጥላቸው ብቻ ረዝሞ ውሃው ላይ ተኛ።

ማሲንቆ መቺው ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ በፊት ማንም ያልመታው አንድ ዜማ አገኘ። ሠላሳ ዓመት ከቤቱ በር ውጭ ቆሞ ሲጠብቀው የኖረ እንግዳ መሰለው። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ሌላ ክፍል ይከፈትለታል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ አለ። መውጣት አልፈለገም።

አንድ ሰው ትከሻውን ነካ አደረገው። ሙሽራዋ ነበረች።

«ጋሼ» አለችው በቀስታ፣ «ውሃው ጎድሏል።»

ዓይኑን ገለጠ። ድንጋዮቹ እርጥብ ጀርባቸውን አውጥተዋል። ከማዶ ያሉት ሰዎች «እልፍ በይ እቴ» ሲሉ ይሰማል፤ የወንዙ ጩኸት ስለቀነሰ ድምፃቸው ወዲህ መሻገር ችሏል። ከሙሽራዋ በቀር ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ሁሉም ዜማው ውስጥ ናቸው፤ ቢቀጥል እስኪመሽ ድረስ አብረውት ይቆሙ ነበር። እሱም መቀጠል ፈለገ። ዜማው ገና አላለቀም፤ አሁን ከለቀቀው ዳግም እንደማያገኘው አውቋል። በደጋው ላይ ደግሞ ደመናው እንደገና ጠቁሯል።

ሙሽራዋን አያት። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ድንጋዮቹ ታይ ነበር።

ደጋኑን ከጭራው ሳያነሣ ያን ዜማ ለቀቀው። ከዚያ አምስተኛውን ስንኝ፣ አባቱ እንዳስተማረው፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ መታ። ስድስተኛውንም እንዲሁ። ሰባተኛው ላይ ሙሽራዋ ጫማዋን ከአጎቷ ተቀብላ፣ ዞራ ሳታይ ወደ ውሃው ገባች። ሚዜዎቹ ተከተሏት። የመጨረሻዋ በቅሎ ማዶው ዳገት ላይ ገና ስትወጣ ሁለተኛው ደራሽ ውሃ መጣ።

ማሲንቆ መቺው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያን ዜማ እንደገና ሊይዘው ሞከረ። አልመጣለትም። በኋላም ብዙ ጊዜ ሞክሯል፤ ጫፉን እንጂ ሙሉውን አላገኘውም። ሲያወራው ግን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው አያወራውም ነበር። ያችን ልጅ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በገበያ ቀን ከሦስት ልጆቿ ጋር አይቷታል፤ ከሁለቱም መንደር ዘመድ ከቧት ነበር።

እንግዲህ፣ ስምረት፣ አንቺም ይህን ሰው ትመስያለሽ። ዘፈን ይረዝማል ወይስ አይረዝምም አይደለም ነገሩ። ሰው ወደ መድረካችሁ የሚመጣው የሚያውቀውን ሰባት ስንኝ ይዞ ነው፤ በዚህ ከበሮ መቺያችሁ እውነቱን ነው። ግን አንዳንድ ቀን በአራተኛው ስንኝ ላይ ወንዙ ይሞላል። ሕዝቡ ከፊትሽ ቆሞ፣ ልቡ ሞልቶ፣ በለመደው ዘፈን ብቻ የማይሻገረው ነገር ይገጥመዋል። ያን ጊዜ እንደተቀዳው ተጫውቶ መውረድ ሙሽራዋን ወደ አባቷ ቤት መመለስ ነው። አስረዝሚው። ብትፈሪም አስረዝሚው።

ውሃው መጉደሉን በምን አውቃለሁ ልትዪኝ ነው፤ ከፊትሽ ያስታውቃል። አታውቂውም። ያ ሰውም አላወቀም። ጣትሽ የሚጣፍጥ ነገር ሲያገኝ ዓይንሽ ይጨፈናል፤ የሁላችንም ይጨፈናል። ስለዚህ ነገ ወደ ልምምድ ስትሄጂ ከበሮ መቺያችሁን ይቅርታ ጠይቂው። ረጅሙን ዘፈን እንዲወድልሽ አትለምኚው። ከጀርባሽ ተቀምጦ ሕዝቡን እንዲያይልሽ ለምኚው፤ በቃ ሲልሽም ዜማው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ሰው ወደሚያውቀው ዘፈን ተመለሺ።