ጠብ አልል ያለው ጠብታ

ባለቤቴ ማህደር ከሞተች ሁለት ወር ሆናት። የልጃችንን የዓይን መድኃኒት የምታደርግላት እሷ ነበረች።

ትርሲት አራት ዓመቷ ነው፤ ግላኮማ አለባት። ጠብታው ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ካልገባ የዓይኗ ግፊት ይጨምራል፣ ብርሃኗንም ይወስዳል።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። የእኛ ፍሪጅ ስለተበላሸ ጠብታው ጎረቤት ነው የሚቀመጠው። ትርሲትን አስከትዬ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። በሩ አልከፈት አለ፣ ፍሪጁ ጠብታ አልሰጥ አለ፣ የትርሲት ዓይን ጠብታ አጣ።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ደምሰው ሻይ ቤት ከጋሽ መኩሪያ ጋር ዳማ ይጫወታሉ።

"ጋሼ፣ ቁልፉን!"

"መኩሪያ ተራውን ሳይጫወት? ኪሴን ስፈትሽ ቆርኪ ሊሰርቀኝ!"

ጋሽ ደምሰው አልነሳ አሉ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ፍሪጁ ጠብታ አልሰጥ አለ፣ የትርሲት ዓይን ጠብታ አጣ።

"ጋሽ መኩሪያ፣ እባክዎ ይጫወቱ።"

"ሻይ ካልጠጣሁ ጭንቅላቴ አይሠራም።"

"ጠጥተህስ መቼ ሠርቶ ያውቃል!" አሉ ጋሽ ደምሰው።

ባለሻይ ቤቷ እትዬ ወርቄ ባዶ ማንቆርቆሪያ አሳዩኝ። "ውኃ የለም። ቧንቧውን ለምነው።"

ቧንቧው አልወርድ አለ፣ ሻዩ አልፈላ አለ፣ ጋሽ መኩሪያ አልጫወት አሉ፣ ጋሽ ደምሰው አልነሳ አሉ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ፍሪጁ ጠብታ አልሰጥ አለ፣ የትርሲት ዓይን ጠብታ አጣ።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ያለው ቧንቧ ሥር ተንበረከኩ። "ጠብ በል! ኧረ ጠብ!" ብዬ ጮህኩ። ትርሲትም ወደደችውና "ጠብ! ጠብ!" አለች።

ጋሽ ደምሰው የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው፤ ጆሯቸው ደግሞ ደከም ይላል። "ጠብ? የት ነው ጠቡ? ማን ከማን ተጣላ?" ብለው ሲነሱ ዳማው ተገለበጠ። ቆርኪው ሁሉ ተበተነ።

"ላሸንፍ ስል!" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

ጋሽ ደምሰው ተነሱ፣ ቁልፉ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ፍሪጁ ጠብታውን ሰጠ፣ ትርሲት ዓይኗን ከፈተች፣ ጠብ አለ። ቧንቧው እንቢ እንዳለ ቀረ። ጋሽ መኩሪያም ሻይ አልጠጡ።

እጄን ላነሳ ስል ትርሲት ያዘችኝ። "አባዬ፣ እማዬ እኮ እዚህ ጋ ትይዘኝ ነበር።" ጣቴን በአፍንጫዋ በኩል የዓይኗ ጥግ ላይ አደረገችው። መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮዋ እንዳይወርድ ነው፤ እስከ ስልሳ ይቆጠራል። እሷ ግን የምታውቀው እስከ አሥር ብቻ ነው። ስድስት ጊዜ ቆጠረች። ስድስተኛው አሥር እስኪያልቅ ጣቴን አላነሳሁም።