ሦስተኛው ሽማግሌ

አንድ ተረት አለ፤ ዓይን አውጣ ሰው ከጥፋቱ በምላሱ ሲያመልጥ ስናይ እያማረርን የምንተርተው። እኔ በሰማሁት ታሪክ ግን መጀመሪያ የተባለው ለስድብ ሳይሆን ለሙገሳ ነው፤ በከንቱ ስሙ መጥፋቱም ያናድደኛል። የተባለለት ሰው ደግሞ በአገሩ እንደሱ ያለ ዓይን አፋር አልነበረም።

ቢያድግልኝ ይባላል። ጥማድ በሬ ያለው፣ እርሻው አረም የማያውቅ ጎበዝ ነው። ችግሩ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ካየ እሾህ እንደወጋው ሁሉ ቁጭ ብሎ እግሩን ይነቅሳል፤ ሰውየው አልፎ እስኪሄድ ድረስ እሾሁ አይወጣም። ማኅበር ላይ "ጠላ ይጨመርልህ?" ሲሉት እሺም እምቢም ማለት ስለሚጨንቀው ዋንጫውን በመዳፉ ከድኖ ይቀመጣል። መንደርተኛው "እሾህ የወጋው" የሚል ስም አውጥቶለት ነበር።

ይህ ሰው ከወንዝ ማዶ ያለችውን አንጓችን ወደደ። ከገበያ ስትመለስ የተሸከመችው እህል ከብዷት አገኛትና ተቀብሏት እስከ ወንዙ አደረሰላት፤ በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሷ ግን ደግነቱን አይታ ወደደችው። ኋላም በሰው ላከችበት፤ "እሑድ አባቴ ዘንድ የሌላ ሰው ሽማግሌ ይመጣል። የምትልክ ከሆነ ቀድመህ ላክ፤ ካልሆነም ደህና ሁን።"

ደግነቱ አያ ካሴ የሚባሉ፣ አንደበታቸው ቅቤ የሆነ አጎት ነበሩት። አያ ካሴ ጆሯቸው የከዳቸውን መሪጌታ ፈንቴንና አንድ ጎረቤታቸውን ይዘው ቅዳሜ ጠዋት ሊሄዱ ተነሡ። ጎረቤትየው ግን ወገቡን ተይዞ ከመኝታው መነሣት አቃተው። የአንጓች አባት ግራዝማች ቢተው ደግሞ ወግ አጥባቂ ናቸው፤ ሽማግሌ ከሦስት ካነሰ ንቀት ነው ብለው ከደጅ ይመልሳሉ።

አያ ካሴ ዞር ብለው ቢያድግልኝን አዩት።

"ግራዝማች መልክህን አያውቁም። ጋቢ ተከናነብና ሦስተኛ ሁን።"

"እኔ? ለራሴ ሽማግሌ?"

"ማን ተናገር አለህ? ዝም ብለህ መቆም ነው፤ እሱን ደግሞ ከአንተ በላይ የሚችል የለም!"

ግራዝማች ቤት ሲደርሱ ዝናብ ያራሰው ማገዶ ምድጃው ላይ እየጨሰ ቤቱን በጭስ ሞልቶታል። ጥግ ላይ የግራዝማች ታላቅ እኅት እማሆይ አጸደ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ተቀምጠዋል። አያ ካሴ እንደ ወጉ ቆመው "የመጣነው…" ብለው ሲጀምሩ ጭሱ ጉሮሯቸው ገባና ሳል በሳል ሆኑ። ውሃ ቢሰጧቸው ባሰባቸው፤ ደግፈው ወደ ውጭ አወጧቸው። መሪጌታ ነገሩ በደህና ያለቀ መስሏቸው "አሜን፣ አሜን" ይላሉ።

ግራዝማች ወደ ሦስተኛው ዞሩ። "እርስዎስ አፍ የለዎትም? ጢም የሌለው ሽማግሌ ሳይ ደግሞ ገና ዛሬ ነው!"

ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊነቅስ ምንም አልቀረው። ግን እሑድ ማለት ነገ ነው። ቀና አለ።

"ሽምግልና በጢም ቢሆን ኖሮ ፍየል እንልክ ነበር፣ ግራዝማች።"

እማሆይ ሳቃቸው አመለጣቸው። ግራዝማችም ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው "እሺ፣ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉ።

ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መምሰሉ የቢያድግልኝን ምላስ ፈታለት። ስለ በሬዎቹ ተናገረ፣ ስለ እርሻው ተናገረ፣ እናቱን እስከ መጨረሻው እንዴት እንደጦራት ተናገረ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ወሬ ነው የፈሰሰው፤ መናገር እንዲህ እንደሚጥምም ያወቀው ያኔ ነው።

"ጉድለትስ የለውም?"

"አለው። ዓይን አፋር ነው። ሰው ሲያይ እሾህ የሌለበትን እግር ይነቅሳል።"

ይህን ሲል አንጓች ጠላ ይዛ ገባች። ፊቱን ብታይ ሳቋ ገነፈለ፤ ጠላውም ተደፋ።

"ምን ያስቅሻል? ታውቂዋለሽ?" አሉ አባቷ። አንጓች አንገቷን ደፋች። በሩ ክፍት ነው፤ ቢያድግልኝ መሮጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ጋቢውን ከራሱ ገለጠ።

"ግራዝማች፣ ልጁ ፊትዎ ቆሟል። እኔ ነኝ።"

ግራዝማች ከዘራቸውን ጨብጠው ብድግ አሉ። "ለራስህ ሽማግሌ ሆነህ ስትመጣ ትንሽ አታፍርም?"

"ሳፍር ነው የኖርኩት። ዛሬም ካፈርኩ አንጓችን ሌላ ሰው ይወስድብኛል። እወዳታለሁ። ቢፈልጉ ይምቱኝ፤ ይህን ሳልናገር ግን አልሄድም።"

ግራዝማች ከዘራውን እንደያዙ ልጃቸውን አዩ። ወደ ጓዳ ትሸሻለች ሲሉ ምሰሶውን ተደግፋ፣ ቀና ብላ እሳቸውን ታያለች። ነገሩ ገባቸው።

"ስለ ልጁ የነገርከኝ ሁሉ እውነት ይመስላል" አሉ። "አንዱን ብቻ ዋሽተኸኛል።"

"ምኑን?"

"ዓይን አፋር ነው ያልከውን!" ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። "በሉ፣ ለእሑዶቹ ሽማግሌዎች ሰው ላኩላቸው፤ በከንቱ እንዳይደክሙ።"

አያ ካሴ ሳሉ ለቋቸው ሲመለሱ ነገሩ አልቆ፣ ጠላ እየተቀዳ፣ ቢያድግልኝም ከግራዝማች ጎን ተቀምጦ እየተጫወተ አገኟቸው። "ምን ተገኘ? ማን ተናገረ?" ብለው ደርቀው ቀሩ። እማሆይ አጸደ በክዳኑ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ጭስ፣ ከዚያም ቢያድግልኝን አይተው እንዲህ ሲሉ መለሱላቸው፦ "ምን ይገኛል ብለው ነው፣ አያ ካሴ፤ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም!"