ሦስተኛው ጭረት

የአንበሳው የእሳት ጉድጓድ ተሰነጠቀ፤ የሸለቆው እንስሳ አለቀ። ነገሩን ሦስት ብሎ የለካው ኤሊ ነው።

ዱሩ ሥርዓት ነበረው። ጉድጓዱ የንጉሡን ዋሻ ያሞቃል። ትንፋሹ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ የነካው ሣር እንደለመለመ የበላውን ይገድላል። ስለዚህ በሸለቆው መውጫ ባለው ዝግባ ግንድ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ የትንፋሹ መለኪያ ሰባት ጭረት ተጭሯል። እስከ ሦስት «እክል» ነው፤ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ከአራት ጀምሮ «አደጋ» ነው፤ መንጋው ይነሣል፣ ንጉሡም አደባባይ ወጥቶ ጥፋቱን ይናገራል። ከሦስት ያለፈ ነገር ደርሶ አያውቅም። አንድ ጊዜ «አምስት» ያለች ጥንቸል ነበረች፤ ጆሮዋ ተገኝቷል።

ለኪው በጉድጓዱ አፍ ተኝቶ ሆዱ የተሰማውን ይናገራል። ከጥንቸሏ በኋላ ኤሊ ተሾመ። በድርቁ ዓመት ጭቃ ልሶ ያደገ የድሃ ልጅ ነበርና፣ ለብስለቱ የሾሙት መስሎት አንገቱን ከወትሮው አንድ ጣት አስረዘመ። የሆዱን ድንጋይነት ያሰበው ኋላ ነው።

ጉድጓዱ በተሰነጠቀ ዕለት ኤሊው ጉባኤ ፊት ተኛ። ምንም አልተሰማው። አፍንጫው ሥር ግን ንቦች ይረግፉ ነበር።

«እህሳ?» አለ አፈ ንጉሡ ጅብ።

«አያ ጅቦ፣ ንቦቹ...»

«ንብ ነው እንዴ የሾምነው? ሆድህ ምን ይላል?»

«ሆዴስ... ሦስት።»

«ጮክ በል እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!»

«ሦስት!»

ጉባኤው እልል አለ። በንቃቷ የምትታወቀው ቆቅ ግን ጠጋ ብላ፣ «አንተ፣ በድርቁ ዓመት ከአንድ ጭቃ ጠጥተናል» አለችው። «እንቁላሎቼ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ቀራቸው። ጥያቸው ልብረር ወይስ ልታቀፍ?»

ኤሊው ጅቡን አየ። ጅቡ ጥርሱን ይፍቃል።

«ሦስት ነው ተባለ እኮ፣ እመት ቆቅ» አለ፣ ሌላ ያለው ይመስል። «ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

በማግስቱ ዋሻው ባዶ ነበር። አንበሳውና ጅቡ ጉባኤው እንደተበተነ ተራራውን ተሻግረዋል፤ ንጉሡ ለካስ የራሱን ሆድ ነበር የሚያምነው።

ኤሊውም ሸሸ፤ የኤሊ ሽሽት ይታወቃል። ዝግባው ሥር ሲደርስ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በመንገዱ ቆቋን አግኝቷታል፤ እንደታቀፈች ሞታለች። አራተኛውን ጭረት ሊነካ አንገቱን፣ ያንኑ በሹመቱ ቀን ያስረዘመውን፣ ዘረጋ። አልደረሰም።

በሸለቆው በሕይወት የቀረው ኤሊ ነው።