ከውጭ መምህሩ ጋር ፎቶ የተነሡት

አንድ መምህር ነበር። ወጣት ነው፤ የእኛው አገር ልጅ። እንግሊዝኛ ሊያስተምር ቻይና ሄደ፤ ወንዝ ዳር ወዳለች አንዲት ከተማ። ከተማዪቱ ሰፊ ናት፤ የእኛን መልክ ያለው ሰው ግን የሚታይባት በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ችግር የለበትም፤ ያስተምራል። ችግሩ ቅዳሜና እሑድ ነው። ብቻውን ሲቀመጥ ክፍሉ ይጠብበታል፤ ስለዚህ ይወጣል። ወንዙ ዳር አንድ ያረጀ ግንብ አለ፤ ሰባት ፎቅ ነው፤ የየጣሪያው ጫፍ ወደ ላይ የታጠፈ። አገሬው ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡን ይዞ ሊያየው ይመጣል። መምህሩም ግንቡን ሊያይ ሄደ።

ሄዶ ምን አየ? ግንቡንማ አላየም! በሩ ላይ እንደ ደረሰ አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ "ፎቶ! ፎቶ!" አለችው። አንሣን ያለችው መስሎት ስልኩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ባሏን አምጥታ አጠገቡ አቆመች። ከዚያ ልጆቿን። ከዚያ አማቷን። ወዲያው ሰልፍ ተያዘ። አንዱ ትከሻውን ያቅፈዋል፤ አንዷ ሕፃን ታስታቅፈዋለች። ሁሉም ሁለት ጣቱን ያነሣል፤ እሱም አነሣ። ለግንቡ ጀርባውን እንደ ሰጠ ዋለ።

ግራ ገባው። ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው? ማንም ክፉ አልተናገረውም እኮ! ሁሉም ሳቀለት፤ ሁሉም አቀፈው። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

እሑድ ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ጋኦ ምሳ ጋበዙት። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ ምግብ የተደረደረበት መስተዋት ይሽከረከራል፤ ሳህኑ ሁሉ በፊቱ ያልፋል። ዓሣውን ላንሣ ሲል ዓሣው ጎረቤቱ ጋ ደርሷል። ሚስተር ጋኦ ብድግ ብለው እንግዶቻቸውን አስተዋወቁ፤ አንድ በአንድ፣ በየስማቸው። እሱ ጋ ሲደርሱ፣ "ይኼ ደግሞ የውጭ መምህራችን ነው!" አሉ። ተጨበጨበለት። በቃ፣ አለቀ። የቢሮው በር ላይ የተለጠፈውም ያው ነው፦ "የውጭ መምህር"።

ፎቶዎቹን ለእናቱ ላከላቸው። እናቱ ደወሉ።

"እሰይ የኔ ልጅ፣ ሰው አገኘህ! ይቺ ያቀፍካት ሕፃን ማን ትባላለች?"

"አላውቅም እማዬ።"

"እኚህ ትከሻህን የያዙህ ሽማግሌስ?"

"እሳቸውንም አላውቃቸውም።"

"ልጄ፣ እኔ አልገባኝም። የማታውቀው ሰው ነው እንዴ የሚያቅፍህ?"

"እኔም አልገባኝም እማዬ።"

አሥር ሳምንት እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ግንቡ፣ እሑድ ምሳው። ፎቶው ይበዛል፤ ልጁ ይከሳል። አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ፣ ዓርብ ቀን፣ ደብዳቤ ጻፈ፦ "ሥራዬን ለቅቄ ወደ አገሬ እመለሳለሁ።" አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ሰኞ ጠዋት ለሚስተር ጋኦ ሊሰጥ። ለምን ትሄዳለህ ቢሉት ምን ይመልሳል? "ሰው ሁሉ ስለሳቀልኝ" ይበል? ለራሱም አልተብራራለትም። እንቅልፍ የነሣው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ "እዚህ ከተማ ውስጥ ብጠፋ ማን ይፈልገኛል? ማን ብሎስ ይፈልገኛል?"

ቅዳሜ ጠዋት ግንቡን ልሰናበት ብሎ ወጣ። አደባባዩ ላይ አሮጊቶች በሙዚቃ እየጨፈሩ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ። ከመሃላቸው ቀይ ማራገቢያ የያዙ አንዲት እናት ወጥተው ወደ እሱ መጡ፤ ስልካቸውንም አነሡ። "እሺ፣ የመጨረሻዋ ትሁን" አለ በልቡ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈገግ አለ። ሁለት ጣቱን አነሣ።

እንዲህ አይደለም ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። ግንቡን ከልዬባቸው ይሆናል ብሎ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። አሁንም አወዛወዙ። ኮፍያውን አወለቀ። አሁንም! በመጨረሻ ቢቸግራቸው ስልኩን አዙረው አሳዩት። ለካ የሚያስተረጉም ስልክ ነው። እንግሊዝኛው እንዲህ ይላል፦ "ብዙ ቅዳሜ እዚህ አይቼሃለሁ። ስምህ ማን ነው?"

ሁለቱ ጣቶቹ አየር ላይ ቀሩ።

ነገራቸው። ሊጠሩት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ደግመው ሞከሩ። ሦስተኛ። በአራተኛው ትንሽ ቢንጋደድም ስሙ ከአፋቸው ወጣ። ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ አለቀሰ። ሴትዮዋ ስሙን ያበላሹበት መስሏቸው ደነገጡ። እንባውን ጠረገና በተራው "የእርስዎስ?" አላቸው። ቼን ይባላሉ።

ይህን ካለ በኋላ ነው የባሰ ግራ የገባው። ለካ ይህን ጥያቄ እሱም ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው! ያን ሁሉ ሕፃን አቅፎ የአንዱን ስም እንኳ አልጠየቀም። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? እነሱ ናቸው ወይስ እሱ? ደብዳቤው ግን ከኪሱ ሳይወጣ ቀረ። ሁለት ዓመት አስተምሮ፣ ውሉን ጨርሶ ተመለሰ።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የሚስተር ጋኦን ስም ነገርኳችሁ። የወይዘሮ ቼንን ስም ነገርኳችሁ። ከጀመርኩ ጀምሮ ግን "መምህሩ፣ መምህሩ" ነው የምለው። "ለመሆኑ የልጁ ስም ማን ነው?" ብሎ በልቡ የጠየቀ አለ? እስቲ እጁን ያንሣ!

አያችሁ? አትሸማቀቁ፤ እኔም ከእናንተ አልሻልም። ታሪኩን ራሱ ነው ያጫወተኝ፤ ስሙን የጠየቅሁት ተነሥተን ልንለያይ ስንል ነው። አፈርኩ።

"ወንድሜ" እንላለን። የወንድሙን ስም የማያውቅ ወንድም ምን ዓይነት ወንድም ነው? "እኅቴ ተባረኪ" ብለን እናልፋለን። ማን ትባረክ? እግዚአብሔር እኛን ሲፈልገን "ያ ከኋላ የሚቀመጠው" ብሎ ነው እንዴ የሚጣራው? በስማችን ነው የሚጠራን! በስማችን!

ልጁ ከተመለሰ አምስት ወር ሆኖታል። አምስቱንም ወር የት ነበር? እዚህ! ከእናንተ ጋር! ዛሬም እዚሁ ተቀምጧል። አትዙሩ፤ ወደ እኔ ተመልከቱ። ጨብጣችሁታል፤ አቅፋችሁታል፤ በበዓል ቀን አብራችሁት ፎቶ ተነሥታችኋል። በሰው አገር ስሙን የሚጠይቅ ያገኘው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው። እዚህ፣ በገዛ ቋንቋው፣ አምስት ወር ሆነው።

ታሪኬን ንገራቸው ብሎ ፈቅዶልኛል። "ስሜን ግን አደራ እንዳትነግራቸው" ብሎኛል፤ ስለዚህ አልነግራችሁም። አሁን እንጸልያለን። ከጸሎቱ በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አይቸኩል። የትኛው እንደ ሆነ አታውቁም፤ እሱን እስክታገኙ ድረስ የማታውቁትን ሁሉ ስሙን መጠየቅ ሊኖርባችሁ ነው።