አያ ጅቦ የሰንደል ዳኛ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት የሐምሌ ወር፣ የአንበሳ ሚስት ሁለት ደቦሎች ወለደች። ልደቱስ ደስ ይላል፤ ዋሻው ግን ደስ አይልም ነበር። ግድግዳው ያንጠባጥባል፣ የተነጠፈው ቆዳ ሻግቷል፣ ከጥግ እስከ ጥግ የእርጥብ ቁርበት ሽታ ነግሦበታል። አራሷ አንበሲት አፍንጫዋን በመዳፏ ሸፍና ባሏን፦

«ወይ ዋሻውን ቀይር፣ ወይ ሽታውን ቀይር!» አለችው።

አንበሳ ዋሻ መቀየር አይወድም። ስለዚህ፣ «ሰንደል ሠሪዎች ሥራቸውን ይዘው ይቅረቡ። ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ለዋሻዬ ሰንደል ያቀርባል፤ የተሸነፈ ከገበያዬ ይነሣል» ብሎ ዐዋጅ አስነገረ።

በዚያ አገር ሰንደል የሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ እመት ጥርኝ ናት። ዕጣንና የጽድ እንጨት ወቅጣ፣ በሙጫ ለውሳ፣ በቀጭን ስንጥር ላይ እየጠቀለለች ጥላ ውስጥ የምታደርቅ ዝምተኛ ባለሙያ ነበረች። ሁለተኛው ቀበሮ ነው። እሱ ከሚሠራው የሚያወራው ይበልጣል።

ታዲያ ማን ይዳኝ? አንበሳ እንስሳቱን ሰብስቦ፣ «በአገሩ ከሁሉ የሚበልጥ አፍንጫ ያለው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«አያ ጅቦ!» አሉ ባንድ ድምፅ። አህያ ብቻ ዝም አለ። የአያ ጅቦን አፍንጫ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ሮጦ አምልጦታል።

አያ ጅቦ ሹመቱን ሲሰማ ጆሮውን አላመነም። ዕድሜውን ሙሉ ሲመጣ በር የሚዘጋበት፣ ሲናገር የሚሣቅበት ፍጡር ነበር። አንድም ቀን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው የለም። ወንዝ ወርዶ ታጠበ፤ ከተወለደ ጀምሮ ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያም አንከስ አንከስ እያለ መንደሩን ዞረ።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ጅቦ?» ሲሉት፣

«ዳኛ በሉኝ እንጂ!» ይላል አንገቱን ቀና አድርጎ።

ቀበሮም ዳኛው ማን እንደሆነ በሰማ ጊዜ ዕጣን መፈለጉን ተወ። ሰጋቱራውን በጥላሸት አቦካ፤ አውራ ጣት የሚያህል ወፍራም ሰንደል ጠቀለለ። በመጨረሻም ላዩን በቀለጠ ጮማ ቀባና እስኪያብለጨልጭ ወለወለው። «እያንዳንዱ ዳኛ የሚወደው ሽታ አለው» እያለ ለብቻው ይሥቅ ነበር።

የፍርዱ ቀን ደረሰ። እንስሳቱ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመት ጥርኝ፣ ይቅረቡ!»

ጥርኝ ቀጭን፣ ዳለቻ ሰንደል አቀረበችለት። አያ ጅቦ አንድ ጊዜ ሳብ፣ ሁለተኛ ሳብ አደረገና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄ ቅጠል ቅጠል ይላል።»

«አያ ጅቦ፣ ሰንደል እኮ ሳይለኮስ አይታወቅም» አለች ጥርኝ በትሕትና። «ያስለኩሱትና ይዩት። ጭሱ ስስ ነው ወይ? ዓይን ያቃጥላል ወይ? ነዶ ካለቀ በኋላም ወጣ ብለው ይመለሱና ቤቱ ውስጥ የቀረውን ሽታ ያሽቱ። ሰንደል የሚለየው ያን ጊዜ ነው።»

«እሳት?» አያ ጅቦ በኩራት ሣቀ። «እኔ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ የወደቀ በሬ ያለ እሳት አሸትቻለሁ! ለአንዲት ስንጥር እሳት ልለምን?»

«እውነት ነው!» አለ ቀበሮ ጎንበስ ብሎ። «እንደ እርስዎ ያለውን አፍንጫ ሊያስተምር የሚነሣ ምን ያለ ደፋር ነው? ይልቅስ የኔን ይሞክሩልኝ።»

አያ ጅቦ የቀበሮን ሰንደል ወደ አፍንጫው ባስጠጋ ጊዜ ዓይኑ ተስለመለመ፤ ምራቁ እንደ ክረምት ጎርፍ ደረቱ ላይ ወረደ።

«ይሄ… ይሄማ… ምን ልበላችሁ… ጣዕሙ!»

«ጣዕሙ?» አለ አህያ ከኋላ።

«ሽታው ማለቴ ነው! ዳኛ አታቋርጥ!»

ለማረጋገጥ ሁለተኛውን አሸተተ። ሦስተኛውን ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ላሰው። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀበሮ ለፍርድ ካቀረባቸው ሰባት ሰንደሎች ስንጥራቸው ብቻ ቀረ። መካከል ላይ ቀና ሲል የጥርኝን ፊት አየ። እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች። አንዳች ነገር ልቡን ቆነጠጠው። «ምናልባት ብንለኩሰው…» ሊል አፉን ከፈተ። ሆዱ ግን ቀድሞ ጮኸና፣

«ቀበሮ ረትቷል!» ብሎ ፈረደ።

ቀበሮ ጅራቱን እየቆላ ፍርዱን ተቀበለ። ጥርኝ ሙቀጫዋንና ወንፊቷን ሸክፋ፣ ለማንም ክፉ ሳትናገር፣ በጭቃው መንገድ ሄደች።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ሌላ ሰንደል ይዞ ዋሻው ገባና ለኮሰው። አያ ጅቦ በክብር ተጋብዞ ከአንበሳ ቀኝ ተቀምጧል። ከዚያ በፊት ዋሻው ውስጥ የገባው ተጎትቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ተጠርቶ ነው።

ሰንደሉ መጀመሪያ ተንጣጣ። ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ተፋ። ጭሱ ጣራውን አለበሰ፣ ግድግዳውን አጠቆረ፣ የሁሉንም ዓይን በዕንባ ሞላ። ደቦሎቹ ይስሉ ጀመር። አንበሲት ሁለቱንም በአፏ አንጠልጥላ ወደ ዝናቡ ሮጠች።

ይህ ሳያንስ የጮማው ጠረን በነፋስ ተጭኖ ሸለቆው ድረስ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ሃያ ጅቦች እየተጋፉ ዋሻው በር ላይ ደረሱ።

«ድግሱ የት ነው?» አለ አንደኛው።

«አያ ጅቦ፣ ለብቻህ ልትበላ ነው? ምነው፣ ዘመድ አይደለንም?» አለ ሌላው፤ መልስ ሳይጠብቅም ገብቶ ግድግዳውን ይልስ ጀመር።

«ውጡ! አታዋርዱኝ! እኔ እዚህ ዳኛ ነኝ!» ይጮኻል አያ ጅቦ። ግን እየጮኸም ምራቁ ይንጠባጠባል።

አንበሳ ባገሣ ጊዜ ሃያዎቹ ጅቦች በአንድ ትንፋሽ ሸለቆው ውስጥ ተገኙ። ቀበሮም ሊከተላቸው ሲል አንበሳ ጅራቱን ረገጠው።

«ይህ ነው ሰንደልህ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ሠርቼ ያቀረብሁ ነኝ፤ መልካም ነው ያለው ዳኛው ነው» አለ ቀበሮ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አንበሳ ወደ አያ ጅቦ ዞረ። «በል ንገረኝ። ምን ሸትቶህ ነው የፈረድህ?»

አያ ጅቦ መዋሸት ፈለገ፤ ውሸት ግን በቶሎ አይመጣለትም። ጭንቅላቱን አቀረቀረ።

«ጌታዬ… ጮማ ሸተተኝ።»

«ሰንደል ዳኝ ብዬ ሾሜህ ጮማ ሸተተኝ ትለኛለህ?»

«ጮማ ሲሸተኝ ሌላ ነገር አይሸተኝም። ይህን የጠየቀኝ ቢኖር በሹመቴ ቀን እነግረው ነበር።»

አንበሳ ጥፍሩን አወጣ። ያን ጊዜ አንበሲት ከዝናቡ ውስጥ፣ «ተወው! እሱስ እውነቱን ተናገረ። ጅብን የሽታ ዳኛ አድርጎ የሾመው ማነው?» አለች።

አንበሳ ሳለ። ያን ሳል ያመጣው ጭሱ ብቻ አልነበረም።

አህያ ተላከና ጥርኝን ከመንገድ መለሳት። ጥርኝ ጥቁሩ ጭስ ወጥቶ እስኪያልቅ ቆየች፤ ከዚያም አንዲት ሰንደል ለኩሳ፣ «አሁን ሁላችንም እንውጣ» አለች። ሰንደሉ ነዶ ሲያልቅ ተመለሱ። ጭስ የለም፤ የሻገተው ቁርበትም አይሸትም። ዝናብ የመታው የጽድ ጫካ የመሰለ ነገር ብቻ በአየሩ ላይ ቀርቷል። ደቦሎቹ እናታቸው ሆድ ሥር ገብተው ወዲያው ተኙ።

«አያ ጅቦ፣ ምን ይሸትሃል?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ አየሩን ደጋግሞ ሳበና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «የሚበላ ነገር የለም፣ ጌታዬ።»

ዋሻው በሣቅ ተናጋ። ጥርኝ ሳትቀር ሣቀች። አንበሳም ፍርድ ሰጠ። ቀበሮ ያጠቆረውን ግድግዳ በገዛ ጅራቱ ይፈገፍጋል፤ ከገበያም ይነሣል። ጥርኝ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

«እኔስ፣ ጌታዬ?» አለ አያ ጅቦ። «ተሻርሁ?»

«አልተሻርህም» አለ አንበሳ። «ዋሻዬ የሚመጣ ሰንደል ሁሉ በፊትህ ያልፋል። ምራቅህን ያስጣለህ ወደ ወንዝ ይወረወራል፤ ፊትህን ያስጨፈገገህ ወደ ውስጥ ይገባል።»

አያ ጅቦ የነገሩ ግማሽ አልገባውም። ያም ሆኖ አንገቱን ቀና አድርጎ እያነከሰ ወጣና በር ላይ ያገኘውን አህያ፣ «አሁንም ዳኛ በለኝ!» አለው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሆዱ የሚፈርድ ዳኛ አፍንጫው የቱንም ያህል ስለታም ቢሆን መልካሙን ከመጥፎው መለየት እንደማይችል ነው።