ዝንጀሮና አንካሳው ሐኪም

ተረት ተረት አልኳችሁ! ዛሬስ የላሙን በረት ዝጉትና ከገደሉ ሥር ኑ።

ድሮ ድሮ፣ ምንጩም ጣቱም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት ዝንጀሮ ልጇን አዝላ ከማሽላ ማሳ ስትሮጥ ገደሉ ሥር እንቅፋት መታት። የእግሯ ትንሿ ጣት ተላጠች፣ ደማች፣ አበጠች። ባልንጀሮቿ ገደሉን ወጥተው ጨርሰዋል። ጀምበር ከጠለቀች ደግሞ ሜዳው የጅብ ነው። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ባይዋ ዝንጀሮ ያን ቀን መቀመጫዋም ትዝ አላላትም። «ወይኔ ጣቴን! ወይኔ ልጄን!» አለች።

አያ ጅቦ ሐኪም መስሎ እያነከሰ ብቅ አለ።

«እሜቴ ዝንጀሮ፣ ትኩስ እበት ለጥፊበት።»

እበትም ከመሬት «ለጥፊኝ፣ ለጥፊኝ» አለ። ዝንጀሮ እግሯን ሰበሰበች።

«እሺ፣ አፈር ነስንሺበት።»

አፈርም «ነስንሺኝ፣ ነስንሺኝ» አለ። ዝንጀሮ አሁንም እግሯን ሸሸገች።

«እሺ፣ እኔው ልላስልሽ!» ለሃጩ ተዝረበረበ።

«አያ ጅቦ፣ መድኃኒቱን በማን ሞከሩት?»

«በራሴ ነዋ! እኔም እግሬን ቆስዬ በእበት ነው የዳንኩት።»

«ታዲያ ለምን ያነክሳሉ?»

ጅቦ አኩርፎ ተጋደመና የጀምበሯን መጥለቅ ይጠብቅ ጀመር።

ዝንጀሮ እየተንፏቀቀች ገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ደረሰች።

«መጀመሪያ እኔ! ቆሻሻው ይውጣ» አለ ምንጩ። አቃጠላት፣ አለቀሰች፣ ቁስሉ ውስጥ የገባው አሸዋ ግን ታጥቦ ወጣ። ቅዝቃዜው እብጠቱን አበረደው።

«ከእኔ ጫፍ ቅደጂ» አለ ቁጥቋጦ ላይ የተሰጣ ንጹህ ነጠላ። ደሙ እስኪቆም በቁራጩ ተጫነችው።

ያን ጊዜ ጎረቤቷ ጣት ተናገረች፦ «ትንሿ እህቴ፣ ብቻሽን አትቁሚ። ከእኔ ጋር ትሰረን።»

«ግን እሜቴ ዝንጀሮ፣ እንዳታጠብቂው፣ ደሜ ይዘዋወር!» ብላ ጮኸች ትንሿ ጣት።

ዝንጀሮም ሁለቱን ጣቶች በነጠላው ቁራጭ አጣምራ አሰረች፣ እግሯን ድንጋይ ላይ ሰቅላ ትንፋሿን ሰበሰበች። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ብድግ! አንድ ድንጋይ፣ ሌላ ድንጋይ፣ ሌላ ድንጋይ! ጅቦ ሊይዛት ዘለለ፤ ያ አንካሳ እግሩ ከዳውና ለእሷ ባዘዘው እበት ላይ በአፍጢሙ ተደፋ።

ገደሉ በሙሉ በዝንጀሮ እልልታ ተናጋ። እሷም ከላይ ሆና ልጇን እያጠባች፣ «አያ ጅቦ፣ እበቱ እንዴት ነው? ዳኑ?» አለችው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቁስላችሁን ከማሳየታችሁ በፊት የሐኪሙን እግር እዩ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ እግራችሁን ታጥባችሁ ተኙ።