የአቶ መኳንንት መጋዝ የታመመች ጊዜ

አንድ ቀን የአቶ መኳንንት ሞተር መጋዝ ታመመች። ታመመች ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢሆን «ተበላሸች» ብሎ ይገላገል ነበር። አቶ መኳንንት ግን ቃል ሲመርጡ ሥጋ ቤት ገብቶ ብልት እንደሚመርጥ ሰው ነው የሚጠነቀቁት። የትኛው እንደሚጠቅማቸው አገላብጠው ሳያዩ አያነሡም።

የሚኖሩት ጎጃም ውስጥ ባለች፣ ባሕር ዛፍ ከሰው በሚበዛባት ትንሽ ከተማ ነው። መጋዟን የላከችላቸው ዐረብ አገር ያለች የእህታቸው ልጅ ስትሆን፣ የግቢ ዛፍ ለመከርከም የተሠራች ቀላል ነገር ነበረች። እሳቸው ግን «ማሽኔ» ነው የሚሏት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከአልጋ ሥር አውጥተው ያሳያሉ፤ ማሳየት እንጂ ማዋስ የሚባል ነገር አያውቁም። ጎረቤት ቢለምናቸው «ሚስትና መጋዝ አይዋሱም» ይላሉ። ሚስታቸው ይህን ስትሰማ ምን እንደምታስብ የጠየቃት የለም።

ደግሞ እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም። ቄሱን ቅዳሴ፣ ሐኪሙን መርፌ፣ አዋላጇን ምጥ ያስተምራሉ።

ከአጥራቸው ማዶ ሙጬ የሚባል ሰው ይኖራል። ምድጃም ይሁን ቁልፍ፣ ጀነሬተርም ይሁን ራዲዮ፣ ያገኘውን እየጠጋገነ ነው የሚያድረው። እጁ ደህና ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። በምላሱ የተነሣ የተባረረባቸው ቤቶች ቢሰበሰቡ አንድ ሰፈር ይወጣቸዋል። በዚያ ዓመት ሙጬን እንቅልፍ የነሣው ከቤቱ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ነበር። ሥሩ ላልቶ ወደ ቤቱ ዘምሟል፣ ክረምቱም እየገባ ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሚስቱ የውብዳር ልጆቿን ከጓዳው አንሥታ ወደ በሩ ታስጠጋለች። በመጥረቢያ እንዳይሉት፣ ገና ሲመቱት ተነቅሎ ጣሪያው ላይ ይተኛል። መላው ዛፉን በገመድ ወጥሮ ከጫፉ ጀምሮ እየቆራረጡ ማውረድ ብቻ ነው። እላይ ተንጠልጥሎ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀላል መጋዝ ይፈልጋል፤ በአካባቢው ያለችው ቀላል መጋዝ የአቶ መኳንንት ብቻ ናት።

እንግዲህ መጋዟ የታመመች ዕለት አቶ መኳንንት ጋቢያቸውን ደርበው በየቤቱ ዞሩ። «የሰፈራችን መጋዝ ታማለች» ይላሉ። የሰፈራችን! ያቺ መጋዝ ለሰፈሩ የጥርስ መፋቂያ እንኳ ቆርጣ አታውቅም። ሰው ግን ሞኝ ነው፤ ታመመ ሲባል እግሩ ይነሣል። አንዱ ካንዴላ፣ አንዱ በጠርሙስ ቤንዚን፣ አንዱ ሞረድ ይዞ ከተፍ አለ። ሙጬ ደጃፍ ሲደርሱ አቶ መኳንንት ድምፃቸውን አለሳለሱ።

«ሙጬ ወንድሜ፣ አንተ ካልዳሰስካት አትድንም።»

«ብትድንስ አያ መኳንንት፣ ያንን ዛፌን ታወርድልኛለች?»

«ምን ጥያቄ አለው? የሰፈሩ አይደለች እንዴ!»

ሙጬ በአቶ መኳንንት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ፈታታት። የከረመ ቤንዚን ካርቡራተሯን ደፍኖታል፣ የቤንዚን ቱቦዋ ተሰነጣጥቋል፣ የማስነሻ ገመዷ ተበጥሶ በጫማ ማሰሪያ ተቋጥሯል። አቶ መኳንንት ወንበር አስመጥተው ከራሱ በላይ ተሰየሙ።

«ቀስ በል እንጂ! እሱ እንደዚያ አይፈታም። እኔ እኮ ቡልዶዘር ሲፈታ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ።»

«እኔም ጳጳስ ሲቀድሱ ቆሜ አይቻለሁ አያ መኳንንት፤ እስካሁን ግን ዲያቆን እንኳ አልሆንኩም» አለ ሙጬ፣ አንገቱን ሳያቀና።

ካርቡራተሩን አጠበ፣ ቱቦውንና ገመዱን ቀየረ። መጠገኑ ብቻ አልበቃውም፤ እሷን ይዞ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው እሱ ነውና አሻሻላት። የሚያዳልጠውን እጀታዋን በብስክሌት ከመነዳሪ ጠቀለለ። ከላሜራ ቆርጦ የእጅ መከለያ ሠራላት። ዘይቱ ሰንሰለቷ ጋ ሳይደርስ የሚንጠባጠብበትን ቀዳዳ ደፈነ። ጥርሷንም እያንዳንዱን ሞረደ። በመጨረሻ ገመዷን ሲስበው አስነጠሰች፣ ቀጥላም ጮኸች፤ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰገገው ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ። አቶ መኳንንትም «አላልኳችሁም?» ብለው ምስጋናውን ተቀበሉ።

በማግስቱ ሙጬ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ መጣ።

«ምን ፈለግህ?» አሉት።

«መጋዟን ነዋ! ለዛፉ።»

አቶ መኳንንት የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙ። «ስማ ሙጬ፣ ጎረቤት ታሞ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ!»

«ሲድንስ ‹ጠይቄህ ነበርና ና እርሻዬን እረስልኝ› ትለዋለህ?»

«ኧረ አልልም።»

«በቃ። መጋዜ ታመመች፣ ጠየቅሃት፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሽተኛ የጠየቀ ሰው የዳነውን ሥራ አያዝም።» ይህን ብለው በሩን ዘጉ።

ሙጬ ገመዱን እንደተሸከመ ቤቱ ገባ። የድካሙ ነገር አልነበረም ያሳረረው፤ የውብዳርን ምን እንደሚላት ነው የጨነቀው።

«መጋዟስ?» አለችው።

«ድናለች።»

«ታዲያ የት አለች?»

«ጤነኛ ከኛ ጋ ምን አላት?»

የውብዳር አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ልጆቿን ጎረቤት ቤት ማሳደር ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ አቶ መኳንንት የባሕር ዛፋቸውን ለነጋዴ ሸጡ። ተቆርጦ ሊጫን በዋዜማው መጋዟን አውጥተው «አሁን ደግሞ እኔ ትንሽ ላሻሽላት» አሉ። ማሽን እሳቸው ካልነኩት ተሻሻለ አይባልም። ሰንሰለቷን አወለቁ፣ ሞረዱ፣ መልሰው ሲገጥሟት የጥርሷን ፊት ወደ ኋላ አዞሩት። እንዲህ ያለ ስሕተት ለመሥራት አዋቂ መሆን ያስፈልጋል፤ የማያውቅ ሰውማ ይጠይቃል።

ሲነጋ መጋዟ ገመዷን አንዴ ሲስቡት ተነሣች። ጮኸች፣ ሰፈሩን አደነቆረች፤ ግንዱን ግን ታሸዋለች እንጂ አትቆርጠውም። ግንዱ ጨሰ። አቶ መኳንንትም አብረውት ጨሱ። ሊጭን የመጣው አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ ሾፌሩ ክላክሱን ያንባርቃል፤ እስከ ቀትር ካልጫነ ባዶውን ሊመለስ ነው።

ያን ጧት የእድሩ ሰው ለወሩ ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። አቶ መኳንንት መጋዟን እንደ ሕፃን ታቅፈው መሐል ገቡ።

«ወገኖቼ፣ የሰፈራችን መጋዝ አገረሸባት!»

ካንዴላ የሰጠውም፣ ቤንዚን የሰጠውም ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሙጬ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጠጋ ብሎ አየ። ሰንሰለቷ የኋሊት መዞሯን ገና ሳይጎነበስ ነው ያወቀው። ቀና ሲል ከሴቶቹ መሐል የውብዳር ትኩር ብላ ስታየው ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ።

«ምን ትገተራለህ ሙጬ? ዳስሳት እንጂ!» አሉ አቶ መኳንንት። «መኪና ቆሞብኛል!»

ሙጬ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«አያ መኳንንት፣ ታመመች አሉን፣ መጥተን ጠየቅን። ዳነች፤ የርስዎ ብቻ ሆነች፤ እሰየው ብለን ወደየቤታችን ገባን። እንግዲህ ጥየቃውን ጨርሰናል፤ ለእድርተኛ የሚቀረው ቀብሩ ብቻ ነው። ያረፈች ዕለት ጡሩምባ ያስነፉ፣ ማንም አይቀርም።»

ስብሰባው ተበተነ ማለት ይቻላል። ወንዱ ሆዱን ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ በሳቅ ተንፈራፈረ። በሩ ሥር የተቀመጠው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ደግሞ ጡሩምባውን ወደ አፉ አስጠግቶ «ልንፋው ወይስ ነፍሷ እስኪወጣ ልጠብቅ?» ብሎ ጠየቀ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ውዱ እንባቸውን ጠርገው እጃቸውን አነሡ። «መኳንንት፣ እድር የሚያውቀው አባሉን ነው። ይህች መጋዝ የማን ናት? እዚሁ በሰው ፊት ተናገር።»

አቶ መኳንንት ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ። ክላክሱ እንደገና አንባረቀ።

«የሰፈሩ ናት!» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «የሰፈሩ ናት አልኩ እኮ!»

«ሰምተናል» አሉ ጋሽ ውዱ። «እንግዲያው መጀመሪያ ሙጬ ግቢ ነው የምትሄደው። ያንተ ዛፍ ማንም ላይ አይወድቅም።»

ሙጬ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰንሰለቷን ፈታ፣ አዞረ፣ ገጠመ። አቶ መኳንንት በሽታው ያ ብቻ መሆኑን ሲያዩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ግን ዘጉት። ባሕር ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወረደ። አይሱዙው ይጠብቃል፣ አቶ መኳንንት ከታች ቆመው «ወደ ግራ! ወደ ግራ በል!» ይላሉ፤ እላይ ያለውን ሙጬን ግን የመጋዟ ጩኸት ምንም አላሰማውም፣ ለዚህም ፈጣሪውን አመስግኗል። ያን ዕለት የውብዳር ልጆቿን ሰብስባ በገዛ ጓዳቸው ውስጥ አስተኛቻቸው።

መጋዟ ይኸው ዛሬም በሰፈሩ ትዞራለች፣ በጤና ናት። አቶ መኳንንት ግን የእድሩን ጡሩምባ ነፊ መንገድ ላይ ካዩት እስካሁን ወደ ማዶ ይሻገራሉ።